ሳይነበብ የተፈረመ ሃይማኖት

አንባቢዎቼ ወደዚያ ቀበሌ ትሄዳላችሁ ብዬ አልጠብቅም። ከዋናው መንገድ ይርቃል፣ ሆቴል የለውም፣ ፎቶ የሚነሡበት ፏፏቴም ሆነ የፈረሰ ቤተ መንግሥት የለበትም። እኔም በፈቃዴ አልሄድሁም፤ ተልኬ ነው። የጋዜጣችን አዘጋጅ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጠርቶ፣ «ጎጃም ውስጥ አንድ የኔታ ቅባት ናቸው ተብለዋል። እሑድ በሕዝብ ፊት ሃይማኖታቸውን በፊርማ ያረጋግጣሉ፣ አለዚያ ከወንበራቸው ይነሣሉ። ናቸው ወይስ አይደሉም? ግማሽ ገጽ አምጣልኝ» አለኝ።

«ቅባት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልሁት።

«እሱን አንተ ታጣራለህ» አለና ወደ ስልኩ ዞረ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ከአለቆቼ የሰማሁት መመሪያ ሁሉ ከዚህ ብዙ የተሻለ አልነበረም።

ሐሙስ

ትኬቱ ላይ አውቶቡሱ ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል ተብሎ ተጽፏል። የተነሣው በአንድ ሰዓት ከሩብ ነው። የአባይን በረሃ ወርደን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ደጀን እስክንወጣ ድረስ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ስለ ቅባት ሲከራከሩ ነበር። አንዱ የእህል ነጋዴ ነው፤ ሌላው የሁለተኛ ደረጃ መምህር።

«እነሱ እኮ ዓርብ ረቡዕን አይጾሙም» ይላል ነጋዴው።

«ኧረ ይጾማሉ። ልጆቻቸውን ሜሮን አያስቀቡም ነው የሚባለው» ይላል መምህሩ።

ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ግን እርግጠኞች ናቸው። ደጀን ላይ ጥብስ ስንበላ ነጋዴው ከሥጋው መልካም መልካሙን እየመረጠ ወደ እኔ ገፋልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው እንዲህ ቢያደርግ ቦርሳዬን እይዝ ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ክርስቶስ አምላክም ሰውም ነው፤ በዚህ የሚጣላ የለም። አባቶች በኒቅያ ተሰብስበው ወልድ ከአብ ጋር የተካከለ አምላክ ነው ብለው ወሰኑ። በኤፌሶን አምላክነቱንና ሰውነቱን ለሁለት አካል መክፈል አይቻልም አሉ። በኬልቄዶን ጊዜ ግሪኮችና ሮማውያን ሁለት ባሕርይ ሲሉ፣ የእስክንድርያና የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ባሕርይ ነው ብለው ተለዩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ከፖርቱጋሎች ጋር የመጡት ሚሲዮናውያን ንጉሥ አሳምነው፣ ሀገር አዋግተው ሲባረሩ አንድ ጥያቄ ትተው ሄዱ። መጽሐፍ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ይላል፤ አምላክ ከሆነ መቀባት ለምን አስፈለገው?

ሊቃውንቱ ሦስት መልስ ሰጡ። አንደኛው ወገን ሥጋ የከበረው ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ ነው፣ ቅባቱም ራሱ መዋሐዱ ነው አለ፤ ይህ ተዋሕዶ ነው። ሁለተኛው ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አለ፤ ይህ ቅባት ነው፣ ጎጃም ውስጥም ብዙ ተከታይ ነበረው። ሦስተኛው ክርስቶስ በሰውነቱ የአብ የጸጋ ልጅ ሆነ አለ፤ ይህ ጸጋ ይባላል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ቦሩ ሜዳ ላይ በንጉሥ ፊት ጉባኤ ተደርጎ ተዋሕዶ ረታ፣ ሁለቱ ተወገዙ። አንባቢ ሦስተኛውን እንዳይረሳ አደራ። በዚህ ጉዞ ካገኘኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ረስተውታል።

ሉማሜ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም ነፍስ አልነበረውም። ሻይ ቤት ያላት ሴት ወንበር ሲያልቅባት የራሷን አልጋ አውጥታ አሮጊቶቹን አስቀመጠች። ሁለት ሰዓት ቆየን። ደብረ ማርቆስ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ሆቴሉ ሙቅ ሻወር አለው ብሎ በሩ ላይ ጽፏል፤ ሻወሩ አለ፣ ውኃው የለም። የሆቴሉ ባለቤት ሳልጠይቃት በባልዲ ውኃ አሙቃ አመጣችልኝና ማስታወቂያውን የሠራው አንድ ሰው፣ ውኃውን የሚልከው ደግሞ ሌላ ሰው መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ይህን ያህል ግልጽ ማብራሪያ ከማንም አላገኘሁም።

ዓርብ

ጠዋት እዚያው ደብረ ማርቆስ የኔታን የከሰሰውን ኮሚቴ ጸሐፊ አገኘሁት። ኮሚቴው ማንም አልሾመውም፤ ራሱን «የሃይማኖት አጣሪ» ብሎ የሰየመ የጥቂት ሰዎች ስብስብ ነው። ማኅተም ግን አስቀርጿል። ጸሐፊው ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ዲያቆን ነው።

«የኔታን ያውቋቸዋል?» አልሁት።

«መምህሬ ነበሩ። ንባብና ዜማ ከእሳቸው ነው የተማርሁት።»

«ትርጓሜስ?»

«ለእሱ ጊዜ አላገኘሁም፣ ወደ ከተማ ገባሁ» አለኝ፤ አላፈረም።

ማስረጃቸው በሞባይል የተቀዳ ድምፅ ነው። አስደመጠኝ። አንድ ሽማግሌ የቅባትን ትምህርት ከነማስረጃው አጥርተው ሲናገሩ ይሰማል፤ ከዚያ ይቆረጣል።

«ከዚህ በኋላስ ምን አሉ?»

«ይኼ አይበቃም?»

ከዚያ የሚፈረመውን ወረቀት አሳየኝ፤ በኮምፒዩተር የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ነው። ከሥሩ የአርባ አንድ ቀሳውስትና መምህራን ፊርማና የጣት አሻራ አለ። አነበብሁት። ቅባትን በጠንካራ ቃል ያወግዛል። ምንም አልከነከነኝም። ኮፒ ጠይቄ ተቀበልሁ። ለትክክለኛነት ስል ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ በሌሎች ላይ ለምጽፈው ነገር ያስፈልጋል።

በሚኒባስ አማኑኤል፣ ከዚያ በጋሪ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ ወዲያ በእግር። ጥቅምት ነው፤ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፣ የእግር መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። መርካቶ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ጫማ ግማሽ ሰዓት ሳይሄድ የቀኙ ሶል ተገንጥሎ ጭቃው ውስጥ ተቀበረ፤ ቆፍሬ አውጥቼ ከጫማው ጋር በእጄ ያዝሁት። ቀበሌው የደረስሁት በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ነው። አቶ እንየው የሚባሉ ገበሬ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

«ከአዲስ አበባ እንዲህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ከወንዙ ነው እንዲህ የሆንሁት።»

«ጋዜጠኛ ነህ አሉ። ግባ፤ ጻፍ ተብለህ ተልከህ እግርህን ብርድ ከመታህ ምን ልትጽፍ ነው?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻለም እግሬን አጥበው የተልባ ፍትፍት አቀረቡልኝ። አቶ እንየው በወስፌና በክር ሶሉን ሲሰፉ ነገሩን ጠየቅኋቸው።

«የኔታ ከዚህ ግቢ ቢወጡ የት ይገባሉ?»

«የት ይገባሉ? ዘመድ የላቸው፣ መሬት የላቸው። እነዚያ ተማሪዎችም ይበተናሉ። ሠላሳ ጎጆ ነው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው።»

«ቅባት ናቸው?»

አቶ እንየው ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ። «እኔ ገበሬ ነኝ። እሳቸው የሚሉትን እሰማለሁ፤ ጸሐፊው ስለ እሳቸው የሚለውንም እሰማለሁ። የሁለቱ አይገናኝም።»

ያ የሰፉልኝ ጫማ ይኸው ዛሬም አለ። ግራው ተቀዷል።

ቅዳሜ

የኔታ ልሳነወርቅ ሰባ አምስት ዓመት ያልፋቸዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ጥላ እንጂ ፊደል አያዩም። ከጎጆአቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ ጎልማሳ ተማሪ ሲያስተረጉሙ አገኘኋቸው። ተማሪው ሲያነብ ቢስት ያቆሙታል፣ ቢቸኩል ይመልሱታል። እኛ ሰፈር ያለው የግል ትምህርት ቤት «ዓለም አቀፍ» ተብሎ ይጠራል፤ ልጄ እዚያ ስድስት ዓመት ሲማር አንድ ቀን አቁሞ የመለሰው አስተማሪ የለም።

ስለ ድምፁ ጠየቅኋቸው። ተማሪውን፣ «ደብተርህን አሳየው» አሉት። ተማሪው የዚያን ዕለቱን ትምህርት ጽፎታል። በሦስት ገጽ የቅባት ቃል፣ በቀጣዩ አምስት ገጽ መልሱ። ሌላ የቆየ ደብተርም አየሁ፤ ተማሪ ለተማሪ ሲያወርሰው ጠርዙ የተበላ ነው፣ መልሱ ግን ያው ነው። በሞባይል የተቀዳው ሦስቱ ገጽ ብቻ ነው።

«ለምን የእነሱን ቃል እንዲህ አሳምረው ያስተምራሉ?» አልኋቸው።

«የሰውን ቃል አበላሽቼ ብመልስ የመለስሁት ለራሴ ነው፣ ልጄ። እሱን አልነካሁትም።»

ወረቀቱን አወጣሁ። «አንብብልኝ» አሉ። አነበብሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እሷን ድገማት።»

«ክርስቶስ በመቀባቱ ከበረ የሚለውን አልቀበልም፤ በሰውነቱ የአብ የጸጋ ልጅ ሆነ እላለሁ።»

«ማን ነው ይህን የጻፈ?»

«ኮሚቴው።»

«ስንት ሰው ፈረመበት?»

«አርባ አንድ።»

ተማሪው ደብተሩን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቁን ለማፈን ነው። የኔታ ግን አልሳቁም።

«በዚህች ቃል የተነሣ ቦሩ ሜዳ ላይ ምላሱ የተቆረጠ አለ ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። «ዛሬ ማኅተም ተመትቶባት ትመጣለች።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱ ቅባትን የሚያወግዘው በሦስተኛው ወገን፣ በጸጋ ቃል ነው። እንዴት እንደተፈጠረ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም፤ ኋላም ጸሐፊው ራሱ አረጋግጦልኛል። የሦስቱን ወገኖች ክርክር ከሚያትት አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ቅባትን አምርሮ የሚቃወም አንቀጽ ፈለገ። አገኘ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ለኮምፒዩተር ቤቷ ልጅ ሰጣት፣ እሷም አሳምራ ጻፈችው። ከዚያ አርባ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ አንድን ሽማግሌ በሃይማኖት ሕጸጽ ሊያባርሩ፣ አያቶቻቸው ባወገዙት ቃል ላይ ተራ በተራ ፈረሙ። አንባቢ እንዳይታዘበኝ፣ እኔም ዓርብ ዕለት አንብቤው ኮፒ ለማግኘት አመስግኜ ነበር።

«ደውዬ ልንገራቸው?» አልሁ።

«ተው። ጆሮ አላቸው፣ ራሳቸው ይስሙት።»

ማታ አቶ እንየው ቤት ራት ላይ አይብ በጎመን ቀረበ። የኔታም ተጠርተው መጥተው ነበር። ወይዘሮ የሻለም፣ «የኔታ፣ ይፈርሙና ይገላገሉ እንጂ። ወረቀት ነው» አሏቸው።

«ለእኔም ወረቀት ብቻ ቢሆንልኝ ትላንት ፈርሜ ነበር፣ የሻለም» አሉ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከግቢው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ጸሐፊው ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር በሞተር ብስክሌት መጥቷል። ከመፍራቱ መቸኮሉ ይብስ ነበር፤ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አየ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ቄሰ ገበዝ ከጎኑ ተቀመጡ። የሌሎች ደብሮች ቀሳውስትም፣ ከዚህ በፊት የፈረሙ አሥር ያህል፣ ለምስክርነት ተጠርተዋል።

«የኔታ፣ እዚህ ላይ ነው» አለ ጸሐፊው፣ ብዕሩን እጃቸው ላይ እያስያዘ።

«አንብብልኝና እፈርማለሁ።»

«ሁሉም አባቶች የፈረሙበት ነው እኮ።»

«እነሱ ዓይን አላቸው። እኔ የለኝም።»

ጸሐፊው ቆሞ አነበበ። ድምፁ ያማረ ነው፤ ዜማውን በደንብ ተምሯል። የተባለችው ቃል ላይ ሲደርስ ሕዝቡ እንደነበረ ነው፣ ቀሳውስቱም እንደነበሩ ናቸው። አንዱ እንዲያውም ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ቄሰ ገበዙ ብቻ የጭራቸውን እጀታ ማሻሸት አቆሙ።

«እስቲ እሷን ድገማት» አሉ።

ደገማት፤ አሁን ደግሞ ጮክ ብሎ።

«እዚህ ላይ እኔ ፈርሜያለሁ?»

«ሁለተኛው ስም የእርስዎ ነው፣ አባ።»

ቄሰ ገበዙ ተነሡ። ጸሐፊውንና ቀሳውስቱን ይዘው ዕቃ ቤት ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሕዝቡ ጠበቀ። የኔታ ብዕሩን እንደያዙ ተቀምጠዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጡ፤ ጸሐፊውም የኮምፒዩተር ስህተት መገኘቱን ለሕዝቡ አስታወቀ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ መግለጫ ሰምቻለሁ፤ አንድን የተወገዘ ትምህርት ኮምፒዩተር ሲያስተምር የሰማሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

አዲስ ወረቀት ያስፈልጋል። ማን ይጻፈው? እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትርጓሜ የጨረሰ ሰው ከመካከላቸው የለም። በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ ዞር ብለው፣ «የኔታ፣ እርስዎ ቢያጽፉን» አሉ። የሚመረመሩበትን ጥያቄ ተመርማሪው እንዲያወጡት ተለመኑ። አንድም ሰው አልሳቀም።

የኔታ አላንገራገሩም። ሕፃን ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ጸሎተ ሃይማኖት አጻፉ፤ ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩ፦ «ሥጋ ከቃል ጋር በተዋሐደ ጊዜ በተዋሕዶ ከበረ፤ ቅባት የተባለውም ይኸው መዋሐዱ ነው።» ደብተሮቹ ላይ ያነበብሁት ቃል ነው፣ አልጨመሩበትም፣ አልቀነሱም። ጸሐፊው በእጁ ጻፈ። ወረቀቱ ዞረ። ቄሰ ገበዙ ፈረሙ፣ ቀሳውስቱ ፈረሙ፣ የኮሚቴ አባላቱ ፈረሙ። ሰዓት ይዤ ነበር፤ አራት ደቂቃ አልሞላም። ወረቀቱን ከፊርማው ቦታ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው አላየሁም።

ብዕሩ ተመልሶ የኔታ ዘንድ ደረሰ።

«አንብብልኝ» አሉ።

«የኔታ፣ አሁን ራስዎ ያጻፉት እኮ ነው!»

«እኔ ያልሁትን አውቃለሁ። አንተ የጻፍኸውን ግን አላውቅም።»

ጸሐፊው ፊቱ ቀላ። ሲያነብ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የኔታ ግን ጆሯቸው ደኅና ነው።

«ምን አልህ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ከቅባት ትምህርት ተመልሼ… የሚል ነው። ለመግቢያ ያህል ነው የጨመርሁት።»

«ከየት ነው የተመለስሁት?»

ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ነጥቀው አዩት። አሥሩም ቀሳውስት፣ ሁለቱ የኮሚቴ አባላትና እሳቸው ራሳቸው፣ በዚያች አራት ደቂቃ ውስጥ ሳያውቁት ከቅባት ተመልሰው ነበር። ጠዋት ከጸጋ፣ ቀትር ላይ ከቅባት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የፈጀውን ክርክር አንድ ግቢ ውስጥ በግማሽ ቀን ዞሩት።

«ሰርዛት» አሉ የኔታ፣ ሳይቆጡ። «ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምር።»

ጸሐፊው ሰረዛት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ፤ እኛም ሁላችን እስኪጨርስ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ የኔታ ፈረሙ። ተማሪዎቹ ወደየጎጇቸው ሄዱ፣ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነበራቸው።

ሰኞና ከዚያ በኋላ

በተሰፋው ጫማ እስከ ወንዙ፣ በጋሪ እስከ አማኑኤል፣ በአውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ። ወይዘሮ የሻለም በቅል እርጎ ሰጥተውኝ ነበር፤ ደጀን ላይ ለሾፌሩ ረዳት አካፍዬዋለሁ። ጎማ አልፈነዳም።

ያየሁትን ሁሉ ጻፍሁ፣ ግማሽ ገጽ ሳይሆን አንድ ገጽ ሙሉ። አዘጋጁ ስልክ ላይ ነበር። ርዕሱን አየ፣ ርዝመቱን አየ፣ «ደኅና ነው» አለና ወደ ማተሚያ ክፍል ላከው። በማግሥቱ ጋዜጣው ሲወጣ ጽሑፌ ስድስት መስመር ሆኗል። ርዕሱም ተቀይሯል፦ «በቅባት ይታሙ የነበሩት መምህር ተመለሱ»።

አዘጋጁን ጠየቅሁት። «ስሜቱ ያው አይደለም እንዴ?» አለኝ። አልተከራከርሁም፤ ማረሚያ እንዲወጣ ጽፌ ሰጠሁ። አልወጣም።

ከሳምንት በኋላ አቶ እንየው ከአማኑኤል ደወሉ። ጫማው ደኅና መሆኑን ጠየቁኝ፣ ስለ አዝመራው ነገሩኝ።

«ጋዜጣው እዚህ ደርሷል» አሉ ቀጥለው። «የኔታ አስነብበው ሰምተውታል።»

«ምን አሉ?»

«አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው ብለውኛል። ከየት ነው የተመለስሁት ይሉሃል።»

ይህን ማስታወሻ የጻፍሁት ለዚያ ጥያቄ ነው። ከየትም አልተመለሱም፤ ከወንበራቸውም አልተነሡም። እዚያው ነበሩ። ይህ ጽሑፍ ከመላኩ በፊት ጓዳ ውስጥ ባለቤቴ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አድርጌያለሁ።